«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደውለው ጠሩኝ። ማሽናቸው ውሃ አልወስድ ካለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ «ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሏቸው ለመግዣው ገንዘብ እያጠራቀሙ ነበር። የውሃ ቱቦውን ከማሽኑ ጀርባ ፈትቼ ሳየው፣ መግቢያው ላይ ያለችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ወንፊት በቀይ ጭቃ ተደፍናለች። በፒንሳ ስቤ አወጣኋት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ መልሼ ገጠምኳት። ማሽኑ ወዲያው ውሃ መሳብ ጀመረ። እሳቸው መረቁኝ፤ እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ። እንዲህ ባለ ምክንያት ስንት ደህና ማሽን በረንዳ ላይ ዕቃ መደርደሪያ ሆኖ እንደቀረ አውቃለሁና።

ውሃውን ሳያዩ ማሽኑን መውቀስ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የሚወርደው ደለሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ያቺ ወንፊት ናት።

ቀጥሎ የውሃው ግፊት ይታያል። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር አካባቢ ይፈልጋሉ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ ሮቶው ከማሽኑ በላይ 2 ሜትር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ማሽኑ የሚያገኘው 0.2 ባር ነው። ከዚያው ሮቶ የተቀዳ ውሃ ባልዲ ስለሞላ ለማሽኑም ይበቃል ማለት አይደለም። ማሽኑ ጊዜ ይቆጥራል፤ ውሃው በሰዓቱ ካልሞላለት ቆሞ ምልክት ያሳያል። በኤልጂ ማሽኖች ምልክቱ «አይ ኢ» ነው፤ በሳምሰንግ «4 ኢ» ወይም «4 ሲ»። ውሃ አልደረሰኝም ማለቱ ነው። ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገጠም ችግሩን ይፈታዋል፤ ሁለቱም ከቦርድ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

የታችኛውን ማጣሪያ አለመክፈት

ማሽኑ አጥቦ ሲያበቃ ውሃውን እንደያዘ ከቆመ (በኤልጂ «ኦ ኢ»፣ በሳምሰንግ «5 ኢ» ወይም «5 ሲ»)፣ ከፊት ለፊቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ በር ይክፈቱ። ከተገዛ ጀምሮ ተከፍታ የማታውቅባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ከውስጧ ሳንቲም፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የሕፃን ካልሲ አውጥቻለሁ። ከሁሉም የሚብሰው ግን የነጠላና የጋቢ ክር ነው፤ በፓምፑ መዘውር ላይ እየተጠመጠመ ጨርሶ አላዞር ይለዋል። ነጠላ የሚያጥቡ ከሆነ በመረብ ከረጢት ውስጥ አድርገው ያስገቡት።

ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ውሃው ሙቅ ከነበረ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከሥሩ ዝርግ ትሪና ጨርቅ ያኑሩ። ክዳኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ያላሉት። ማጣሪያው ከወጣ በኋላ በባትሪ እያዩ መዘውሩን በጣትዎ ያዙሩት። ቆም ቆም እያለ ከዞረ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ማግኔት ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

የቆሻሻ ውሃ ማስወገጃው ቱቦም አይረሳ። ጫፉ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ወለል ላይ ከተጣለ፣ ውሃው ከላይ ሲገባ በታች ይወጣል፤ ማሽኑም ሲሞላ ውሎ አይሞላም።

በሳፋ ማጠቢያ ሳሙና መጠቀም

ለእጅ የተሠራው ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ ነው። ከፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ አረፋው ፓምፑን ያስቸግረዋል፣ መጭመቁንም ያውካል። ለአውቶማቲክ ማሽን የተሠራ መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ።

መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን አለመንቀል

በእውነት የተቃጠለ ቦርድ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለውም መብራት ጠፍቶ ኃይሉን ጨምሮ ሲመለስ ነው። መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋጋ ይታገሡ። ስታብላይዘር ሲገዙ ለቴሌቪዥን የሚሸጠውን ትንሹን አይውሰዱ። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 9 አምፒር ገደማ ነው። በዚሁ ምክንያት ማሽንን በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ማሠራት እሳት መጋበዝ ነው።

አዲስ ማሽን ሲጨምቅ ከቦታው እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ይመልከቱ። ለጉዞ የታሰሩት ረጃጅም ብሎኖች ሳይፈቱ ቀርተው ይሆናል።

የተበላሸው ክፍል ሳይታወቅ መጣል ወይም መጠገን

«ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ይጣል» የሚባል ልማድ አለ። መጥፎ መለኪያ አይደለም፤ እኔ ግን ከዋጋው በፊት የትኛው ክፍል እንደተበላሸ እጠይቃለሁ። ፓምፕ፣ የውሃ ቫልቭ፣ ቺንጋ ወይም የሞተር ካርቦን ከሆነ፣ ማሽኑ አሥር ዓመት ቢሞላውም ይጠገን። ቦርድ ከሆነ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ያሳዩት፤ አንዳንዴ የሚቀየረው አንዲት ትንሽ ዕቃ ብቻ ናት።

የሚያሳስበኝ ኩሽኔታ ነው፤ ልብስ የሚገባበት ከበሮ ተደግፎ የሚዞርበት ክብ ብረት ማለት ነው። ሶኬቱን ነቅለው በሩን ይክፈቱና ከበሮውን ከውስጥ ጠርዙ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፣ ከዚያም በእጅዎ ያሽከርክሩት። ከነጎማው አብሮ ቢወዛወዝ ችግር የለውም። ለብቻው ቢላወስና የድንጋይ ወፍጮ የሚመስል ድምፅ ቢያሰማ ግን ኩሽኔታው አልቋል። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ከበሮውን የያዘው የፕላስቲክ ጋን ተበይዶ ስለሚመጣ፣ ኩሽኔታውን ለመቀየር ጋኑን በሙሉ መግዛት ግድ ይላል። ያኔ፣ በተለይ አካሉም ዝጎ ከሆነ፣ ማሽኑን ቢያሰናብቱት አልቃወምም።

ለመጠገን ከወሰኑ በበሩ ዙሪያ ወይም በጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱና መለዋወጫው መኖሩን ቀድመው ያጠያይቁ። ባለሙያው ዕቃው የት እንደሚገኝ ሳይነግርዎ ማሽኑን አያስፈቱ፤ ተፈታቶ ወር ከቆየ ብሎኖቹም ይጠፋሉ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም እንዲያስረክብዎ ይጠይቁት።