መኪናችሁ አልሞቅ ካለ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን እዩ

በታኅሣሥ ብርድ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግማሽ ሰዓት ተነድቶ የሙቀት ጌጁ ንቅንቅ አይልም። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይተፋል፣ ቤንዚኑም ያልቃል።

እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ቴርሞስታቱን ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው እሱ ነው። በብዙ መኪኖች 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። ተከፍቶ ከቀረ ግን ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይቀዘቅዛል።

ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ጠዋት ሞተሩን አስነሱና የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ዳበስ አድርጉ። እጃችሁንና ልብሳችሁን ከፋኑ አርቁ። ጎማው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ ድንገት ከሞቀ ቴርሞስታቱ ደህና ነው። ከመጀመሪያው አንስቶ ቀስ እያለ ለብ ካለ ግን ወይ አልዘጋም፣ ወይ ጭራሽ የለም።

የለም ስል አትገረሙ። መኪና አንዴ ካፈላ "አውጥተህ ጣለው" የሚል ጋራዥ ሞልቷል። የእኔ አሮጌ ኮሮላ ሲፈታ ቦታው ባዶ ነበር! ማፍላቱ የመጣው ከተደፈነ ራዲያተር ሊሆን ይችላል፤ ቴርሞስታት መጣል እሱን አይፈታም።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ክተቱትና አሙቁት። ውሃው ሲግል ሲከፈት በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጋስኬቱንም፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ማሸጊያ፣ አብራችሁ ቀይሩ።

ማሞቂያው በደንብ እየሞቀ ጌጁ ብቻ ካልተነሳ ደግሞ ጥፋተኛው የሙቀቱን ልክ ለጌጁ የሚያደርሰው ሴንሰር ሳይሆን አይቀርም። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱ።