ደንገጎ ላይ ደመና ሲከብድ፦ ከደቻቱ ጎርፍ እንዴት እንጠበቅ?

ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ እንዲሞላ ድሬ ላይ የግድ ዝናብ መጣል የለበትም። ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃው ግን የሚመጣው በስተደቡብ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሚደርሱት የደንገጎ ተራሮች ነው። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ፣ አፈሩ ስስ፣ ዛፉ የሳሳ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ሳይሰርግ ይወርዳል። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ ሲጥል 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው የሞተውም ጎርፉ ሰው በተኛበት ሰዓት ስለደረሰ ነው።

ስለዚህ በበልግም በክረምትም መታየት ያለበት ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን የደቡቡ ነው። ነጎድጓድ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ እምብዛም አይሰማም፤ ድምፅ የሌለው ብልጭታ ተራራው ላይ ከተደጋገመ ዝናቡ የለም ማለት አይደለም። በጫት በርጫ ላይ መስኮት ዘግቶ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ አያይም፤ አንድ ሰው በየሰዓቱ ወጣ ብሎ ይመልከት። ትናንት ዘንቦ ከነበረ ዛሬ ጥንቃቄው ይጨምር፦ አፈሩ ጠግቧልና ከትናንቱ ያነሰ ዝናብም ጎርፍ ያወርዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ከላይ የሚመጣ ስልክ ነው። ጎርፉ በሰከንድ 3 ሜትር ቢሄድ 10 ኪሎ ሜትር ለመውረድ 55 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ስልኩ ግን ወዲያው ይደርሳል። ተራራው ላይ ዘመድ ካላችሁ ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥ፤ ዝናቡ ሲያባራ በማስመሪያ ይለካው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ከያዘ እስኪያባራ ሳይጠብቅ ይደውል። ከሐረር የሚወርዱ የሚኒባስ ሾፌሮችም ጥሩ ምንጭ ናቸው፤ የመንገዱ ቦይ ሞልቶ አስፋልቱን ሲያቋርጥ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ጎርፍ በሌለበት ጊዜ የወንዙ አሸዋ ላይ የሚነግዱ፣ አሸዋ የሚጭኑ፣ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች መውጫቸውን አስቀድመው ይወቁ። የጎርፍ መከላከያ ግንብ ባለበት ቦታ ግንቡ ራሱ ወጥመድ ይሆናል፤ ደረጃው ወይም ክፍተቱ የት እንዳለ ሳያውቁ ወደ መሃል መግባት አይገባም። ቀጭን ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ካመጣ፣ ወይም ከላይ በኩል የጭነት መኪና ዳገት እንደሚወጣ ያለ ጉርምርምታ ከተሰማ ዕቃ መሰብሰብ ይቅር። ሩጫው ወደ ጎን፣ ወደ ዳርቻው ነው፤ በአሸዋው ቁልቁል የሮጠን ሰው ጎርፉ ይቀድመዋል።

መሻገርን በተመለከተ ክርክር የለውም። በፍጥነት የሚሄድ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰውን ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ አውቶሞቢል ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን «ቅድም አልፌው ነበር» የሚለው ስሌት አይሠራም። በዚያ ላይ ጎርፉ የታችውን አሸዋ ስለሚቆፍር፣ ከላይ ጉልበት የሚያህል የሚመስለው ውሃ ሥሩ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ዳርቻ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች ማታ ከመተኛታቸው በፊት መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የሚወሰድ መድኃኒት በፌስታል ጠቅልለው በር አጠገብ ይስቀሉ፤ ባትሪም ይኑር። የትኛው ጎረቤት አዛውንት ወይም ሕፃን እንዳለበት፣ ማን እንደሚያነሳቸውም ይነጋገሩ። የመብራቱ ማጥፊያ የሚነካው እግር ደረቅ ላይ ሳለ ብቻ ነው። መውጣትም ውሃው ደጃፍ ሳይደርስ ነው፦ ወደ ውጭ የሚከፈትን 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር፣ ውጭ የቆመ ግማሽ ሜትር ውሃ 100 ኪሎ በሚጠጋ ግፊት ይዘጋዋል። በሩ እምቢ ካለ በመስኮት ወደ ጣሪያ ውጡ።

ውሃው ሲጎድል ቶሎ አትውረዱ፤ ሌላው ገባር ዘግይቶ ሁለተኛ ማዕበል ሊያመጣ ይችላል። ጎርፍ የገባበት የጉድጓድ ውሃ እስኪታከም ድረስ አይጠጣም። የቧንቧውም ከደፈረሰ በንጹሕ ነጠላ ተጣርቶ፣ ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይፍላ።