ድንበር የሚሻገር ወንዝን ከፍሳሽ ለማጽዳት ሲሞከር የሚሠሩ ስህተቶች

የቲዋና ወንዝ የሜክሲኮዋን ቲዋና ከተማ አቋርጦ አሜሪካ ይገባል። ከካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ ከተማ በስተደቡብ ደግሞ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያበቃል። ወደ 2 ሚሊዮን ከሚጠጋ ሕዝብ የሚወጣ ፍሳሽም አብሮት ይወርዳል። ወንዙ ባሕር የሚገባበት ኢምፔሪያል ቢች አካባቢ ያለው ባሕር ዳርቻ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ1,000 ቀን በላይ ለዋና ተዘግቶ ቆይቷል። ሳንዲያጎ ብዙ ሐበሻ ስላለ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

«ያቆሸሹት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ያጽዱ» ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ከወንዙ ተፋሰስ ሦስት አራተኛው ያህል ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ታች ያለው አገር ላይኛው ቱቦ ላይ ገንዘብ ካላወጣ የሚደርሰውን እያጠበ ይኖራል። በ2022 ሁለቱ አገሮች ይህን ተቀብለው አሜሪካ 330 ሚሊዮን፣ ሜክሲኮ 144 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ተስማሙ።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ መርሳት ነው። ከድንበሩ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ደቡብ ያለው የሜክሲኮ ማጣሪያ ለዓመታት ተበላሽቶ ፍሳሹን እንዳለ ባሕር ላይ ይለቅ ነበር። በበጋ የባሕሩ ሞገድ ወደ ሰሜን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ወንዙ ደረቅ ሆኖም ባሕር ዳርቻው ይዘጋል። ጣቢያው እንደገና ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ2025 ነው። አሜሪካ በኩል ያለው ጣቢያም በቀን 25 ሚሊዮን ጋሎን እንዲያጣራ ነበር የተሠራው፤ እሱም በእድሳት እጦት ተጎድቶ ቆየ። በነሐሴ 2025 አቅሙ ወደ 35 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ደስ ይላል። ግን ድንበሩ አጠገብ ከወንዙ ውሃ የሚስበው ፓምፕ በጎማ፣ በፕላስቲክና በጭቃ ከተዘጋ ውሃው ማጣሪያውን ሳያይ ያልፋል። ዝናብ ሲመጣማ ፓምፑን ጭራሽ ያጠፉታል።

ሦስተኛው፣ «ካልዋኘሁ አይነካኝም» የሚለው ነው። ደቡብ ሳንዲያጎ፣ ሳተርን ጎዳና ላይ ወንዙ በመንገዱ ሥር በቱቦ ያልፍና ቁልቁል ይወድቃል። እዚያ ነጭ አረፋ ይከመራል፤ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሰው ቤቱ ተኝቶ ሌሊት ይተነፍሰዋል፤ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ተመራማሪዎች አየሩን ሲለኩ ፍሳሹ የቀነሰ ጊዜ ጋዙም አብሮ ቀነሰ። አቃቂ ወንዝ አጠገብ ያደገ ሰው ይሄን ሽታ ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

ሌላው ስህተት ትልቅ አደጋ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የአውሮፓውን ራይን ወንዝ የሚጋሩት አገሮች ኮሚሽን ያቋቋሙት በ1950 ነው። ነገሩ የምር የሆነው ግን በኅዳር 1986 የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ ወንዙ ከቀላና ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቀን የተቆረጠለት ግብ አወጡ፦ ሳልሞን ዓሣ እስከ 2000 ድረስ ወደ ወንዙ ይመለስ። ይህ ግብ ለዓሣ አጥማጅም ግልጽ ነው።

አሜሪካና ሜክሲኮም በሐምሌ 2025 አዲስ ስምምነት ሲፈርሙ ለሥራዎቹ እስከ 2027 መጨረሻ ቀን ቆርጠዋል። እኔ ስምምነቱ ውስጥ የፈለግሁት «ጥገና» የሚለውን ቃል ነበር። አለ፤ ወጪውን ግን ሲፈርሙ ገና ሊደራደሩበት ነበር።