ሠዓሊ ሆኖ የሌሎች ሠዓልያንን ኤግዚቢሽን እንዴት ማሰናዳት ይቻላል?

ብዙ ሠዓሊ የሌሎችን ሥራ መርጦ ማሳየት የሚጀምረው አስቦበት አይደለም። ጓደኞቹ ለሁለት ሳምንት የሚሆን አዳራሽ ያገኙና «አንተ ጥሩ ዐይን አለህ፣ አንተው አሰናዳው» ይሉታል፤ እሱም ኪዩሬተር የሚባለውን ሙያ ሥራው ውስጥ ገብቶ ይማረዋል። የሠዓሊ ዐይን በእርግጥ ትልቅ ሀብት ነው፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ምን እንደሚመስል፣ ሠሪው የቱ ላይ እንደተቸገረና የቱ ላይ እንደተሳካለት ከሩቅ ያውቃል። ይሁን እንጂ ይህ ዐይን ለዓመታት የሠለጠነው የራሱን ሸራ ለመሙላት በመሆኑ፣ ካልተጠነቀቀ በስተቀር የራሱን ሥራ የሚመስለውን እየመረጠ ኤግዚቢሽኑን በሌሎች እጅ የተሠራ የራሱ ትርኢት ያደርገዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ይህ እንዳይሆን ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑ የሚያነሣውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ተስፋ» ወይም «ሕይወት» የሚል ርዕስ የፈለጉትን ሥራ ሁሉ ስለሚያስገባ ለምርጫ አያገለግልም። «ፈርሰው የተነሡ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን እዚያ ያደጉ ሠዓልያን እንዴት ያስታውሷቸዋል?» የሚለው ግን የትኛው ሥራ እንደሚገባና የትኛው ግሩም ቢሆንም ውጭ እንደሚቀር ወዲያው ይነግርዎታል።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ ወደ ስቱዲዮዎች ይሂዱ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ መጠንንም ሆነ የቀለሙን ውፍረት አያሳይም፤ ከዚህም በላይ ሠዓሊው ራሱ የሚንቀውን ሥራ ፎቶ አያነሣውም። እኔ በጀማሪነቴ አንዲት ወጣት ሠዓሊ ዘንድ ሄጄ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ትልልቅ የዘይት ቀለም ሥራዎቿ ፊት ግማሽ ሰዓት ስቆም፣ ከበሩ ኋላ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል የተሠሩ ስድስት የእጅ ንድፎች ተጠቅልለው ቆመው ነበር። አንዱን ገልጬ አየሁት፤ የወረቀቱ እጥፋት በተሣለችው ሴት ትከሻ ላይ እንደ ጠባሳ ያልፍ ነበር። እኔ ግን የቀለም ሰው ነኝና መልሼ ጠቀለልኩት። ያን ኤግዚቢሽን ከዘጋሁ በኋላ የጎደለው እሱ እንደነበር ገባኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የመረጥኳቸውን ሥራዎች ዝርዝር ስጨርስ በእያንዳንዱ አጠገብ «ይህን እኔ ብሠራው እወድ ነበር?» ብዬ እጽፋለሁ። መልሱ በሁሉም ላይ «አዎ» ከሆነ ዝርዝሩን ቀድጄ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።

የራስዎን ሥራ ማስገባት ይገባዎታል ወይ? ለዚህ አንድ ሕግ የለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴሚየን ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1988 የጎልድስሚዝስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በለንደን የወደብ ሰፈር ባዶ በነበረ ሕንፃ ውስጥ «ፍሪዝ» የተባለውን ኤግዚቢሽን ሲያሰናዳ፣ የጓደኞቹን ሥራ ከራሱ ሥራ ጋር አቅርቧል፤ የእኩዮች ስብስብ መሆኑ ግልጽ ነበርና። በእኔ አመለካከት ሁሉም በእኩልነት ተስማምቶ የገባበት የቡድን ኤግዚቢሽን ከሆነ አሰናጁ ይግባ፤ ነገር ግን ጥሪ ወጥቶ ሰዎች ተወዳድረው ከገቡ፣ ወይም ለማሰናዳቱ ክፍያ ከተቀበለ፣ ሥራውን ቤቱ ይተወው። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት የብዙ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች አዲስ አበባ ላይ የሚታዩበትን መድረክ ነበር የከፈተችው፤ አንድ ሠዓሊ በዚህ መንገድ ለሙያ ባልደረቦቹ የሚሰጠው ቦታ ግድግዳው ላይ ከሚጨምረው አንድ ሥራ ይበልጣል። ሥዕል የማይሠራ ሰው ለማሰናዳቱ ሥራ አጋር ማድረግም ይረዳል። መካኒሳ በጭቃና በጭድ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የሠዓሊው የኤልያስ ስሜና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋና የኪዩሬተሯ የመስከረም አሰግድ የጋራ ሥራ መሆኑ፣ ሁለት ዓይነት ዐይን አብሮ ሲሠራ የሚገኘውን ፍሬ በደንብ ያሳያል።

ሥራ ከመረከብዎ በፊት፣ ከልብ ጓደኛዎም ቢሆን፣ አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ ይፈራረሙ። በቅጹ ላይ የሥራው ርዕስ፣ ዘመን፣ የተሠራበት ቁስ፣ ቁመትና ወርድ፣ ዋጋ፣ ከሽያጭ ለማን ስንት እንደሚደርስ፣ የፍሬምና የመኪና ወጪውን ማን እንደሚችል፣ እንዲሁም የሚመለስበት ቀን ይስፈር፤ ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሥታችሁ ጭረት ካለው በዚያው ጻፉት። ይሉኝታ ይዞን ይህን የምንዘለው እኛ ሠዓልያን ነን፤ ኋላም ጓደኝነታችን የሚበላሸው በዚሁ ነው።

አሰቃቀል የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። ሠዓሊው ፍሬድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1992 በባልቲሞር የሜሪላንድ ታሪክ ማኅበር ያሉትን ቅርሶች መርጦ እንዲያሳይ ዕድል ሲያገኝ፣ ያጌጡ የብር ጽዋዎችና ማንቆርቆሪያዎች ባሉበት ሣጥን ውስጥ የባሪያ እግር ብረት አስቀምጦ፣ መግለጫው ላይ «የብረታ ብረት ሥራ 1793–1880» ብቻ ብሎ ጻፈ። አንድም ዕቃ ራሱ አልሠራም፤ ጎን ለጎን በማስቀመጡ ብቻ ብሩ በማን ላብ እንደተገዛ ተመልካቹ ራሱ አየ። በአንጻሩ ሠዓሊው ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1942 በኒው ዮርክ ሱሪያሊስቶች የሚባሉትን፣ ሕልም መሰል ሥራ የሚሠሩ ሠዓልያን ኤግዚቢሽን አዳራሽ ሲያሰናዳ፣ በውስጡ ክር እንደ ሸረሪት ድር ወጥሮ ሥዕሎቹን በቅርብ ለማየት አስቸጋሪ አደረጋቸው። ክሩ ራሱን የቻለ ትልቅ ሐሳብ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከክሩ ኋላ የቀረው የሌሎች ሠዓልያን ሥራ ነበር። እጅዎ እንዲህ ያለ ነገር ሲያሰኘው ከዊልሰን ይማሩ እላለሁ።

ሚስማር ከመምታትዎ በፊት ሥራዎቹን ሁሉ ግድግዳው ሥር አስደግፈው አንድ ሌሊት ያሳድሯቸውና ጠዋት ተመልሰው ይዩአቸው፤ የሚጣሉትና የሚነጋገሩት ያን ጊዜ ይለያሉ። ጉልበት ያለውን ትልቅ ሥራ ከትንሽ የእርሳስ ሥራ አጠገብ አያድርጉት፤ ትንሿ የራሷ ግድግዳ ያስፈልጋታል። የሥዕሎቹ መሃል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ቢያርፍ ለቆመ ሰው ዐይን ይመቻል። ለምሳሌ ሥዕሉ 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ኖሮት፣ የኋላው ሽቦ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሚስማሩ የሚመታው 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 6፣ ማለትም 184 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በሜትር ለክተው በውኃ ልክ ያስተካክሉ፤ በዐይን ግምት የተሰቀለ ከሩቅ ያስታውቃል። በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥራ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት እንዳይሆን፣ በክረምትም ጣሪያው የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

በመክፈቻው ዕለት የሚጠራው የሠዓልያኑ ስም ነው፤ ንግግርዎን ከአምስት ደቂቃ አያሳልፉና ሠዓልያኑን ከሥራቸው ፊት ያቁሟቸው። ሲዘጋ ደግሞ እያንዳንዱን ሥራ በቅጹ እያመሳከሩና እያስፈረሙ በእጃቸው ያስረክቡ፣ የሽያጩን ገንዘብ በጻፉት ቀን ይክፈሉ፣ የሚስማሩንም ቀዳዳ በስቱኮ ደፍነው ግድግዳውን ቀብተው አዳራሹን ይመልሱ።