ከሆድ ቆዳ ሥር የገባ አየርን እንዴት መለየትና ታማሚውን በጊዜ ለሕክምና ማድረስ እንደሚቻል

«ሆዴን ነፋኝ» የሚል ሰው በወሎ በየቤቱ አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜም የባቄላው ወይም የሽምብራው ጣጣ ነውና ሲያገሳ ይቀለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን አየሩ ከአንጀት ወጥቶ በሆድ ግድግዳ፣ ማለትም ከቆዳ ሥር ባለው ስብና በጡንቻዎቹ መካከል ሲገባ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ካጋጠመ ግን የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም።

አንጀት በታይፎይድ ቁስል፣ በፈነዳ ትርፍ አንጀት፣ በካንሰር ወይም ተጠምዝዞ ደም በማጣቱ ሊበሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድም የአንጀቱ አየር ራሱ ሾልኮ በሥጋው መካከል ይሰራጫል፣ አንድም ከሰገራው ጋር የወጡት ባክቴሪያዎች የሆዱን ግድግዳ እያበሰበሱ አየር ይፈጥራሉ፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ለዚህ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። ቀዳዳው ወደ ጀርባ በኩል ከሆነ ሆዱ እንደ እንጨት ሳይደርቅ ሊቆይ፣ ምልክቱም ከሆድ ይልቅ በጎን፣ በብሽሽት ወይም በጭን ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ለመመርመር ታማሚውን በጀርባው ያስተኙና ጉልበቱን እንዲያጥፍ ያድርጉ። ከመንካትዎ በፊት በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ፦ ቆዳው አብጧል? ቀልቷል ወይስ ወደ ጥቁረት ሄዷል? ውሃ ቋጥሯል? ቀጥሎ እጅዎን አሙቀው፣ በጣቶችዎ ውስጠኛ ለስላሳ ገጽ ብቻ፣ በጣም በዝግታ ይጫኑ። በስስ ጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ገለባ ሲነካ እንደሚለው ከቆዳው ሥር ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር ከተሰማዎ አየር አለ ማለት ነው። አንዴ ካረጋገጡ ደጋግመው አይንኩት። ኮሽታው ባይኖርም ትኩሳት፣ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም ወይም የመንፈስ መረበሽ ካለ አይዘናጉ። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በተደረገ የሆድ ቀዶ ሕክምና (ላፓሮስኮፒ) ማግስት ግን በቀዶ ሕክምናው የገባ አየር ለጥቂት ቀናት ሊሰማ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምና መደረጉን ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

አሁን እስክሪብቶ ያንሱ። የቀላውን ወይም ያበጠውን ክፍል ዳር ዳሩን አስምረው ሰዓቱን በአጠገቡ ይጻፉ። «8 ሰዓት» ብቻ ብለው አይተዉት፤ የእኛ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ወይስ የፈረንጅ አቆጣጠር፣ ተረኛው ሐኪም ሊምታታበት ይችላልና «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለው ይሙሉት። መቅላቱ ከመስመሩ ካለፈ ምን ያህል እየፈጠነ እንደሆነ ያ መስመር ከማንም ቃል ይልቅ ያስረዳል።

ሆዱን ማሸት፣ በጋለ ነገር መተኮስ፣ ዋግምት፣ ኮሶም ሆነ ማንኛውም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ፈጽሞ አይሞከር፤ የተበሳ አንጀት ሲታሽ ወይም ሲገፋ የበለጠ ይፈስሳል። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ቡናው ቢፈላም ለአጃቢዎቹ ይሁን። ፀበሉም ከመጠጣት ይልቅ ቢረጭ ይሻላል፤ ዱዓውና ጸሎቱ በመንገድም ይደረሳል።

መንገዱ የሚያስኬደው ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይሁን። ጤና ጣቢያ የሚቀርብ ከሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የፀረ ባክቴሪያ መርፌ እየተጀመረ ሪፈር እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ለማደር ግን አይስማሙ። በቃሬዛ ከደጋ የሚወርድ ታማሚ ከሆነ መኪናው መንገዱ ላይ እንዲጠብቅ አስቀድሞ ይደወል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ በተለይ ሕመምን የሚሸፍኑ የሕመም ማስታገሻዎችንና ስቴሮይዶችን (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ብግነት የሚቀንሱ መድኃኒቶችን)፣ ከነማሸጊያቸው ይያዙ። ሰገራና አየር ከቆመ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ደም ታይቶ እንደሆነ፣ ክብደት ቀንሶ እንደሆነም ለመመለስ ይዘጋጁ።

ሆስፒታል ውስጥ ኤክስሬይ ወይም ሲቲ ስካን አየሩ እስከምን እንደደረሰ ያሳያል፤ ሕክምናው ደግሞ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት፣ የሞተውን ሥጋ መቁረጥና የአንጀቱን ቀዳዳ መላ ማበጀት ነው። ፈርሙ ሲባል «ዘመድ ይሰብሰብና እንመካከር» ማለት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ምክሩ በስልክ በመንገድ ላይ ይለቅ። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቁስሉ ለማየት ዳግም ሊከፈት እንደሚችል፣ ሰገራም ለጊዜው በሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ሊወጣ እንደሚችል ለታማሚውና ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገር፤ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከዳነ በኋላ አንጀቱ ተመልሶ ሊገጠም ይችላል።