የትልቅ አኳሪየም ፊልተር ሌሊት ሲያጓራ፦ ችግርና መፍትሄ ከድሬዳዋ

ድሬ ውስጥ ቀን ቀን ፊልተር አይሰማም። ባጃጁ አለ፣ ቬንቲሌተሩ አለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ። ችግሩ ማታ ነው። ሰፈሩ ጭር ሲል ሳሎን ያለው 400 ሊትር አኳሪየም ማጓራት ይጀምራል፣ ሙቀቱ ብቻውን እንቅልፍ ነስቶህ እያለ እሱ ሲጨመርበት ደግሞ ሌሊቱ አልነጋ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጥና ወይ ሲተኛ ፊልተሩን ያጠፋዋል፣ ወይ አዲስ ለመግዛት ብር ማጠራቀም ይጀምራል። አቦ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ማጥፋቱ ዓሣዎቹን ይጎዳል። አዲሱም ቢሆን ምክንያቱ ካልታወቀ ትንሽ ቆይቶ እንደ አሮጌው ይጮሃል።

የማወራው ከአኳሪየሙ ስር ካቢኔ ውስጥ ስለሚቀመጠው ካኒስተር ፊልተር ነው። መጀመሪያ አዳምጠው። ቬንቲሌተሩን አጥፋ፣ ኤር ፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው) ካለህ እሱንም ለትንሽ ደቂቃ አጥፋ። ከዚያ የፊልተሩን ክዳን በመዳፍህ ጫን በል። ድምፁ ከቀነሰ ችግሩ ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ቱቦውን ያዝ ስታደርገው ከቀነሰ ቱቦው ከግድግዳ ወይም ከመስታወት ጋር እየተጋጨ ነው። ምንም ካልተለወጠ ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ኢምፔለሩ ታሟል። ኢምፔለር የምለው ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ የምትሽከረከረውን ትንሽ ማግኔት ከነክንፏ ነው።

ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል፣ መሃል ላይ ቡልቅ ይላል

ይሄ አየር ነው። እኛ ጋ ዋናው ሰበብ የመብራት መጥፋት ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃውን በሚያጣሩት በስፖንጁና በሴራሚኩ መሃል የነበረው አረፋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጥቶ ክዳኑ ስር ይጠራቀማል፣ መብራቱ ሲመጣ ኢምፔለሩ ያንን አየር ከውሃ ጋር ይፈጨዋል። ፊልተሩ እየሠራ ሳለ ቀስ አድርገህ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘንብለው። አረፋው በመውጫው ቱቦ ሲወጣ ታየዋለህ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገመው።

በማግስቱ ከተመለሰ ግን አየሩ ከሆነ ቦታ እየገባ ነው። የኤር ፓምፑ ድንጋይ (አረፋ የሚያወጣው ጫፉ) ከመምጠጫው ቱቦ አጠገብ ከሆነ ፊልተሩ አረፋውን እየሳበው ነው፤ ድንጋዩን ወደ ሌላው ጥግ ውሰደው። እሱ ካልሆነ የክዳኑን ላስቲክ አውጥተህ እየው። አሸዋ ወይም ፀጉር አብሮት ተቀምጦ ከሆነ አየር ያስገባል። አጥበህ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ቀባው። ቫዝሊን የሚቀቡ ሰዎች አውቃለሁ፣ እኔ አልመክርም፣ አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጠዋል። ሦስተኛው ሰበብ የቆሸሸ ስፖንጅ ነው። ውሃው እንደልቡ ማለፍ ሲያቅተው ፓምፑ በኃይል ይስባል፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው አየርም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው። በቧንቧ ውሃ አትጠበው፣ ክሎሪኑ የዓሣዎቹን ቆሻሻ የሚያጸዱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ ደግሞ ፊልተሩን ከሶኬት ንቀለው። ተዘግቶ የቆየው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል፣ መብራቱ ድንገት ሲመጣ ያ የሸተተ ውሃ ቀጥታ ዓሣዎቹ ላይ ይረጫል። ክፈተው፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፋው፣ ሚዲያውን (ስፖንጁንና ሴራሚኩን) በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቀህ መልሰው።

ወፍራም እምምም፣ ስትነካው የሚቀንስ

ንዝረት ነው። ብዙዎቻችን አኳሪየሙ የሚቀመጥበትን ስታንድ ብረታ ብረት ቤት ነው የምናሠራው፣ ባዶ የብረት ቱቦ ደግሞ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ከፊልተሩ ስር ወፍራም ስፖንጅ ወይም ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አንጥፍ። የካቢኔውን ግድግዳ እንዳይነካ ሦስት አራት ጣት ራቅ አድርገው። ኤር ፓምፑንም እንጨት ላይ አታስቀምጠው፣ በገመድ ከውሃው ከፍታ በላይ ስቀለው። ከፍ ብሎ ከተሰቀለ መብራት ሲጠፋ ውሃ በቱቦው ወደ ኋላ አይመለስበትም። አኳሪየሙን ራሱን ግን ውሃ እያለው አንስቼ ስፖንጅ ላንጥፍበት እንዳትል። ውሃው ብቻ 400 ኪሎ ነው።

ቀጥ ቀጥ ቀጥ የሚል፣ ቀን በቀን የሚብስ

የድሬ በሽታ ይሄ ነው። ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ እየው። ነጭ ቅርፊት ይዟል አይደል? ከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለባት ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው፣ ውሃውም በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየሙን ይዞት ይመጣል። ሞተሩ ሞቅ ስለሚል ኖራው ኢምፔለሩ ላይ ይጋገራል። በሙቀቱ ከአኳሪየሙ የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፣ ኖራው እዚያው ይቀራል፣ እየሞላህ በሄድክ ቁጥር ይከማቻል። ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ብቻ አይበቃም። በየጊዜው ከፊሉን ቀድተህ መቀየር አለብህ።

ፊልተሩን ከሶኬት ንቀል፣ ቫልቮቹን ዝጋ፣ የኢምፔለሩን ሽፋን ክፈት። ማግኔቱን በክንፉ ይዘህ በቀጥታ ወደ ላይ ሳበው። አትጠምዝዘው፣ መሃሉ ያለችው የሴራሚክ ዘንግ እንደ ጠመኔ ነው ቀጭ የምትለው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳወጣው ማግኔቱ ጥቁር መሆኑ አይታወቅም ነበር። ዙሪያውን ሻካራ ነጭ ነገር ለብሷል፣ በጥፍሬ ብቧጭረው አልለቅም አለ። ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ አድርጌ ነከርኩት። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ አፈላ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳሸው ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ተበተነ፣ ከስሩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ማግኔት ወጣ። ጉድጓዱን ደግሞ ጥጥ በእንጨት ጠቅልለህ በአቼቶ አሸው። ድምፁ የሚመጣው እዚያ ተጣብቆ ከሚቀረው ኖራ ሊሆን ይችላል። አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂም ይሠራል። በረኪና ግን በጭራሽ። ሁሉንም በደንብ አለቅልቀህ መልስ።

ከጸዳም በኋላ ቀጥ ቀጥ ካለ የዘንጉን ሁለት ጫፍ የሚይዙትን ትንንሽ ላስቲኮች እይ። ደርቀው ወይ ሰፍተው ከሆነ፣ ወይም ዘንጉ ተበልቶ ከሆነ፣ የሚቀየረው ኢምፔለሩ ብቻ ነው፣ ሙሉ ፊልተር አይደለም። ለፊልተርህ ሞዴል የተሠራውን ግዛ፣ ተቀራራቢው መልሶ ይንኳኳል። ምሽት ላይ ብቻ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን ጠርጥር። ለ220 የተሠራ ሞተር ኃይሉ ሲወርድበት ማግኔቱ ይወላውላል፣ ስታቢላይዘር ያረጋጋዋል።

የፏፏቴ ድምፅ

ውሃው በትነት ወርዶ መውጫው ከላይ ቀርቷል። ውሃ ጨምርበት፣ ድምፁ ይቆማል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

አንድ የግንቦት ማታ ፏፏቴው ሰልችቶኝ መውጫውን ወደ ታች አጥልቄ፣ ኤር ፓምፑንም አጥፍቼ ተኛሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ኦስካር የሚባሉት ዓሣዎቼ ከላይ ተሰልፈው አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይተነፍሳሉ። ትልቁ ጎኑን ማዘንበል ጀምሯል። በእጄ ውሃውን እያንቦጫረቅኩ ኤር ፓምፑን መልሼ ሰካሁ፣ እስኪነጋ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሦስቱ ተረፉ። ትልቁ አልተረፈም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። በባህር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሊትሩ 9 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ በ30 ዲግሪ 7.5 ብቻ ይይዛል፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች ደግሞ ወደ 6.5 ይወርዳል። ውሃው ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ከገጹ ነው። ገጹ ካልተንቀሳቀሰ ዓሣው ይታፈናል።

ስለዚህ መውጫውን ከውሃው በታች ሁለት ጣት ያህል አድርገው፣ አፉን ግን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለው። ውሃው አይረጭም፣ ገጹ ግን ከዳር እስከ ዳር ሞገድ ሞገድ ይላል። መብራቱን አብርተህ ከጎን እየው፣ የሞገዱ ጥላ ከስር አሸዋው ላይ ሲሮጥ ካየህ በቂ ነው። በሞቃቱ ወር ኤር ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፣ እንደነገርኩህ በገመድ ከተሰቀለ ብዙም አይሰማም። ጠዋት ጠዋት የውሃውን ልክ አይተህ የጎደለውን፣ ባልዲ ውስጥ አድሮ ክሎሪኑ በተነነ ውሃ ሙላው።