አንድ የፋይበር መስመር ለመላው ግቢ፦ ሁለተኛ ራውተር እንዴት እንደሚገጠም

ሳሎን ቁጭ ላለ ሰው ዩቲዩብ አይቆራረጥም። ሰርቪስ ቤት ላለው ግን የቴሌግራም ፎቶ እንኳ ክቡ ሲዞር ቆይቶ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ፓኬጁን ያሳድጋል። በየወሩ ተጨማሪ ብር ይከፈላል፣ ሳሎን ይብስ ይፈጥናል፣ ሰርቪስ ቤት ግን ምንም ለውጥ የለም። መስመሩ ድሮም ጤነኛ ነበር። የጎደለው ከሳሎን አልፎ ጓሮ ድረስ የሚያደርሰው ነገር ነው። እሱን ደግሞ በአንድ ኬብልና በአንድ ተራ ራውተር ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ መስመሩን መርምሩ

ፋይበሩ የሚገባባት ነጭ ሳጥን ኦኤንቲ ትባላለች። ላፕቶፕ ካላችሁ በኬብል እሷ ላይ ሰክታችሁ ስፒድ ቴስት ሥሩ። ከሌላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ አጠገቧ ቁሙ። የሚመጣው ቁጥር ከምትከፍሉበት ፓኬጅ ጋር ከተቀራረበ መስመሩ ደህና ነው፤ ቀጥሉ። እዚያው አጠገቧም የሚያዘግም ከሆነ ግን ሁለተኛ ራውተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ መስመሩን ላስገባላችሁ ድርጅት ደውሉ። ኤልኦኤስ የሚል ጽሑፍ ያለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለም እንደዚሁ ነው። ብርሃኑ በፋይበሩ አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ ከሶፋ ጀርባ ተጣጥፎ ወይም በር ጨፍልቆት እንደሆነ እዩ። ጫፉን ነቅላችሁ ግን በዓይናችሁ አትመልከቱ። የሚያልፍበት ብርሃን ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

ሌላ ከባድ ማሳሰቢያ። ኦኤንቲዋ ላይ ሪሴት የሚል ትንሽ ቀዳዳ አለ። በመርፌ አትንኩት። መስመሩን የሚከፍተው የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ባለሙያው ሲገጥም ውስጧ ያስገባው ነው። ሪሴት ስታደርጉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ባለሙያ ሲጠብቅ ይሰነብታል። አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኗን ከቡፌ አውጧት

ብዙ ቤት ውስጥ ኦኤንቲዋ ቡፌ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከላይዋ ዳንቴል ተደርጎላት ትገኛለች። ዳንቴሉን አንሱላት፤ ትሞቃለች፣ ስትሞቅ ደግሞ ትደክማለች። ከፍ ያለና ክፍት ቦታ ላይ አድርጓት። ዋይፋይ የብሎኬት ግድግዳ ያደክመዋል፣ የፎቅ ሶሌታ ይብስ ያደክመዋል፣ ቆርቆሮ ግን ጨርሶ ይመልሰዋል። ትልቅ መስታወት ያለው ቁምሳጥንና ፍሪጅም ያው ናቸው። በዚህ ብቻ ችግራቸው ያለቀ ቤቶች አውቃለሁ። ፋይበሩ አጭር ከሆነ ግን ለመጎተት አትሞክሩ፤ ይሰበራል።

ይህ ካልበቃ ወደ ግዢ እንሂድ። ሱቅ ስትሄዱ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሪፒተር ያሳዩአችኋል። ርካሽ ነው፣ ኬብል አይፈልግም። እኔ አልመክርም። ርካሾቹ ዋይፋዩን የሚቀበሉትም መልሰው የሚያሰራጩትም በአንድ ሬዲዮ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ግማሽ በግማሽ ይወርዳል። ደግሞ ሰርቪስ ቤት ብትሰኩት የሚቀበለው ያንኑ የደከመውን ሲግናል ነው። ከሳሎን እስከ ሰርቪስ በኬብል ሄዶ እዚያ አዲስ ዋይፋይ የሚያወጣ ራውተር ብትገጥሙ ግን ለዓመታት ትገላገላላችሁ።

ራውተሩ ቲፒ-ሊንክ ይሁን ቴንዳ ብዙ ለውጥ የለውም። ካርቶኑ ላይ አክሰስ ፖይንት ሞድ የሚል ካለው እሱን ምረጡ፤ ጥቅሙን ከታች ታያላችሁ። ባለ 2 ባንድ ቢሆን ይመረጣል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚያወጣ ማለት ነው።

ኬብሉ ላይ ግን አትቆጥቡ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ይሄዳል። ገበያው ላይ ከውጭ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሞልቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ከውስጡ አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጓት። ውስጧም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ነጭ ካንጸባረቀ አልሙኒየም ነው፤ ስታጥፉት ይሰበራል፣ ከዓመት በኋላም ግንኙነቱ መቆራረጥ ይጀምራል። ግቢውን ሲያቋርጥ ለብቻው በባዶ የኤሌክትሪክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፤ ፀሐይ ላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ከመብራት መስመር ጋር አብራችሁ አትሰሩት። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲበዛ ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት።

ጫፉን ሱቁ ቢያስርላችሁ ይሻላል። ራሳችሁ ካሰራችሁ ክሊፑ ወደ ታች ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ከ8ቱ አንዷ በደንብ ካልነካች ወይ ጨርሶ አይሠራም፣ ወይ እየሠራ ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ሊቆም ይችላል።

ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ

አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ኬብል ሰክቶ፣ የዋይፋይ ስም ሰጥቶ መተው ቀላል ነው። ችግሩ በኋላ ነው የሚመጣው።

ዋይፋይ ላይ የሚገባ ስልክ ሁሉ አድራሻ ያስፈልገዋል። አድራሻውን የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባል ነገር ነው። ከአድራሻው ጋር መውጫ በሩንም ይነግረዋል፤ ይህ በር ጌትዌይ ይባላል። ኦኤንቲያችሁ ይህን ሥራ ትሠራለች፤ እሷ ራሷ ራውተር ናት። አዲሱ ራውተርም ከፋብሪካ ሲወጣ ይህንኑ ሥራ ሊሠራ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ሰው ሳይነጋገር የቤት ቁጥር ቢያድል ምን እንደሚሆን አስቡት።

ምልክቱም ግራ የሚያጋባ ነው። ማታ ገጠማችሁ፣ ሁሉም ይሠራል። በማግሥቱ መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ የልጁ ስልክ "ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም" ይላል፤ የእናቱ ይሠራል። ከሰዓት ይገላበጣል። ሰው መብራቱን ይረግማል፣ ቴሌን ይረግማል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ መብራት ሲመጣ ስልኩም ቴሌቪዥኑም እንደ አዲስ አድራሻ ይጠይቃል። ከሁለቱ ሳጥኖች ቀድማ የመለሰችው ታሸንፋለች። ኦኤንቲዋ ከቀደመች ስልኩ ኢንተርኔት ያገኛል። አዲሱ ከቀደመ "በሩ እኔ ነኝ" ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ መንገድ የለውም።

መፍትሔው አዲሱ ራውተር አድራሻ ማደል እንዲያቆምና ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ ማድረግ ነው።

አዲሱን ራውተር ለብቻው አብሩት፤ ከኦኤንቲዋ ጋር ገና አታገናኙት። ላፕቶፕ በኬብል ብታገናኙ ይመረጣል፣ ስልክም ይሆናል። በስልክ ከሆነ የሞባይል ዳታውን አጥፉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያይ ስልኩ በዳታ ይወጣል፣ የራውተሩ ገጽም አይከፈትም። ከዚያ ብራውዘር ላይ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ ጻፉ፤ ቲፒ-ሊንክና ቴንዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.0.1 ነው። አዲስ የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል። ስጡትና ወረቀት ላይ ጻፉት።

ኦፕሬሽን ሞድ የሚል ምናሌ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። አክሰስ ፖይንት የሚለውን መርጣችሁ ሴቭ አድርጉ። ዲኤችሲፒውን ራሱ ይዘጋዋል። የዋይፋይ ስምና ፓስዎርድ አስገብታችሁ ኬብሉን ሰኩ፤ አለቀ።

ምናሌው ከሌለ በእጅ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

ቀድማችሁ የኦኤንቲዋን አድራሻ እወቁ። ስልካችሁን የእሷ ዋይፋይ ላይ አስገቡና የኔትወርኩን ዝርዝር ክፈቱ፤ ጌትዌይ የሚለው ነው። ብዙ የሁዋዌ ሳጥኖች ላይ 192.168.100.1፣ ዜድቲኢ ላይ ደግሞ 192.168.1.1 ታገኛላችሁ።

ወደ አዲሱ ራውተር ተመለሱ። በመጀመሪያ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ ጨርሱ። ቀጥሎ ላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) የሚለው ገጽ ላይ የራሱን አድራሻ ቀይሩ። የፊቶቹ 3 ቁጥሮች ከኦኤንቲዋ ጋር አንድ ይሁኑ፣ የመጨረሻው ይለይ። ኦኤንቲዋ 192.168.100.1 ከሆነች አዲሱን 192.168.100.250 በሉት። ትልቅ ቁጥር የመረጥኩት ከስልኮቹ አድራሻ ጋር የመጋጨት ዕድሉን ለመቀነስ ነው። የኦኤንቲዋን ገጽ መክፈት የምትችሉ ከሆነ የምታድለው አድራሻ 200 ላይ እንዲያበቃ አድርጉ፤ ያኔ ግጭት አይኖርም።

ሴቭ ስትሉ ገጹ ይጠፋል። አትደንግጡ። አድራሻው ስለተቀየረ ነው። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩና በአዲሱ አድራሻ ግቡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አበላሸሁት" ብሎ ሪሴት ያደርግና ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን የዲኤችሲፒውን ገጽ ክፈቱ፣ ዲስኤብል በሉት፣ ሴቭ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ኬብሉ እስኪሰካ ድረስ በእሱ ዋይፋይ የገባ ስልክ አድራሻ አያገኝም፤ ትክክል ነው።

የቀረው ኬብሉ ነው። ከኦኤንቲዋ ላን ቀዳዳ ተነስቶ አዲሱ ራውተር ላይም ላን ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። ዋን የሚለው፣ ከውጭ ለሚመጣ ኢንተርኔት የተሠራው፣ ብዙ ጊዜ በቀለም ተለይቶ የተቀመጠው ቀዳዳ ባዶውን ይቅር። በእጅ የሠራችሁት ከሆነ እሱ ላይ ብትሰኩት አይሠራም። ዲኤችሲፒው ሳይዘጋ ዋን ላይ የሚሰካ ሰው አለ፤ ኢንተርኔት ያገኛል፣ እሱን አልክድም። ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፦ ሳሎን ያለው ስልክ ሰርቪስ ቤት ያለውን ፕሪንተር ወይም ቴሌቪዥን አያየውም። የሁለቱ ሳጥኖች አድራሻ ተመሳሳይ ከሆነ ደግሞ እሱም አይሠራም።

ስም፣ ፓስዎርድ፣ ቻናል

ለሁለቱም አንድ ስምና አንድ ፓስዎርድ ስጡ። ስልኩ ግቢውን ሲያቋርጥ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እንዳይረባበሹ ቻናሉን ለያዩ፤ አንዱ 1 ከሆነ ሌላው 6 ወይም 11 ይሁን። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ብሎኬት በደንብ አያልፍም፤ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ነው።

ሴኪዩሪቲው ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን፣ ያለ ፓስዎርድ በአንድ ቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ዝጉት። የስልክ ቁጥራችሁን ፓስዎርድ አታድርጉ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ለእንግዳ ኦኤንቲዋ ላይ ጌስት ኔትወርክ ካለ እሱን ክፈቱ።

የመብራቱ ነገር

ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ የሚደበዝዝ ቤት ከሆነ ራውተሩን ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አታድርጉ። ኃይሉ ሲወርድ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ እንጀራው እስኪያልቅ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል።

ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ፣ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ጥሩ ግዢ ነው። ፋይበሩ ከጣቢያው እስከ ቤታችሁ ሲመጣ መንገድ ላይ የሚያከፋፍሉት ነገሮች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ስለዚህ የሰፈሩ መብራት ቢጠፋም ጣቢያው ኃይል እስካለው መስመሩ ሊሠራ ይችላል። ባትሪው ለኦኤንቲዋም ለሁለተኛውም ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ከየሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 12 ቮልት አለ፣ 9 አለ፣ 5 አለ፤ የሁሉም ጫፍ ግን ሊመሳሰል ይችላል። 9 ቮልት የሚፈልግ ራውተር ላይ 12 ብትሰኩ ሊቃጠል ይችላል።

የመጨረሻው ፍተሻ

ሁለቱንም አጥፉ። ሁለቱንም አንድ ላይ አብሩ፣ ልክ መብራት ሄዶ እንደመጣ። ጥቂት ደቂቃ ታገሡና ሰርቪስ ቤት ገብታችሁ የስልኩን ጌትዌይ ተመልከቱ። የኦኤንቲዋ አድራሻ ከሆነ ሥራው በትክክል ተሠርቷል። የአዲሱ ራውተር አድራሻ ከሆነ ዲኤችሲፒው አልተዘጋም፤ ተመለሱና ዝጉት። ከዚያ አዲሱን አድራሻና የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ራውተሩ ሥር ለጥፉ። ከሥሩ የታተመው የፋብሪካው አድራሻ ከእንግዲህ አይሠራም፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚከፍተው ሰው እሱን ይዞ እንዳይደክም።